በሬው አይሸጥ!

ከመካነ ሰላም የደረሰኝ ደብዳቤ አንጀት ይበላል። ጸሐፊው ተመራቂ ተማሪ ነው። ከጓደኛው በፍላሽ የተቀበለውን «ክራክ» ላፕቶፑ ላይ ሲጭን የመመረቂያ ጽሑፉም፣ ገበሬዎችን ያነጋገረበት የድምፅ ቅጂም፣ የእህቱ ሠርግ ፎቶም አልከፈት አሉት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስፈራሪያ ግን ተቀምጦ ጠበቀው፦ 980 ዶላር ክፈል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገርከን 490 ይበቃናል! አባትየው ይህን ሲሰሙ «በሬውን እንሽጠው» አሉ። ልጁ ምን ላድርግ ይለኛል።

ወንድሜ፣ አባትህን በሬ አታሸጣቸው! ሌቦቹ የሚፈልጉት ቢትኮይን ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በእሱ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ለመሆኑ ከፍለህ ቁልፉን ቢከለክሉህ ማንን ልትከስ ነው?

980 እና 490 የሚለው ዋጋ «ስቶፕ ዲጄቪዩ» የሚባለው ቫይረስ መታወቂያ ነው። ይህ ጉደኛ ሲቆልፍ ኢንተርኔት ካገኘ ላንተ ብቻ የተሠራ ቁልፍ ያመጣል። ካላገኘ ግን ይዞት በመጣው፣ ለብዙ ሰው በሚጠቀምበት ቁልፍ ይቆልፋል። ተስፋው እዚህ ላይ ነው! ያን ሰዓት ኔትወርክ ጠፍቶ ከነበረ ለዛሬ እንኳ አመስግነው። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ነጻ መፍቻ ያን የጋራ ቁልፍ ካወቀው ይከፍትልሃል። ቁልፉ ያንተ ብቻ ከሆነ ግን፣ ልዋሽህ አልፈልግም፣ አይከፍትም።

መፍቻውን ከራሱ ከኩባንያው ብቻ ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዚሁ ቫይረስ መፍቻ ነኝ ብሎ የመጣ ፕሮግራም የተቆለፈውን ደግሞ ቆልፎታል... በቁስል ላይ እንጨት ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ በፊት ኢንተርኔቱን አጥፋ፤ ፍላሹንም ንቀል። «ፎርማት ላድርግልህ» የሚልህን ባለ ኮምፒውተር ቤት «ቆይ» በለው። ቫይረሱን በጸረ ቫይረስ አስጸዳና የተቆለፉትን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ፤ ዛሬ የጠፋ ቁልፍ ነገ ሊገኝ ይችላል። ደግሞም ይህ ቫይረስ የሚቆልፈው የፋይሉን የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ያህል ነው። ስለዚህ ረጅሙ የድምፅ ቅጂህ በከፊል ሊተርፍ ይችላል። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌባም አስከትሎ ስለሚገባ የኢሜይልህን፣ የቴሌግራምህንና የባንክህን በስልክህ ቀይር።

ጽሑፉንስ? ለአማካሪህ በኢሜይል የላክኸው ረቂቅ አለ አይደል? በቴሌግራም ለጓደኛህ ያሳየኸውስ? ለእርማት ያሳተምኸው ወረቀትስ? ዛሬውኑ ፈልጋቸው፤ የጎደለውን ምዕራፍ ከዚያ ላይ ተነሥተህ ጻፍ። ለአባትህም በሬው እርሻው ላይ ይቆይ ብያለሁ በላቸው።