የመመለሻው ሰዓት

ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ባደይ ሲያጌጥ፥ የስሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ ለማየት የሚነሣሣው ተማሪ ይበዛል። መነሣሣቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከጨነቅ ተነሥቶ የቧሂትን ጫፍ ረግጦ በዚያው ቀን መመለስ የጉብዝና መፎካከሪያ ሊሆን አይገባውም።

ጨነቅ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ነው፤ ቧሂት ደግሞ 4,430 ሜትር። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ከመቶ 60 እጅ ያህል ብቻ ነው። በኳስ ሜዳ የማይደክመውንም ወጣት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። ሕመሙ ከጠና መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ እንጂ መታገሥ አይደለም።

ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ሦስት ነገር ይወሰን። አንደኛ፥ ሰውነታችን ከፍታውን እንዲለምድ አስቀድመን በሳንቃበርና በግጭ እንደር። ሁለተኛ፥ የጉዞው ፍጥነት በደካማው እግር ይለካ፤ ከሁሉ ኋላ የሚሄድ አንድ ኀላፊም ይመረጥ። ሦስተኛ፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ልክ 6 ሰዓት ሲሆን፥ ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ቢቀረውም እንኳ እንመለስ። ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ጉም ይወርዳል፤ ማታ 12 ሰዓት ላይም ይመሻል።

መንገድ መሪና ስካውት ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይያዝ፤ የመንገዱም ሰላም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን «ተዉት፥ ይደርስብናል» የሚለው ቃል ነው። ጓደኛውን ገደል አፋፍ ላይ ትቶ ጫፍ የደረሰ፥ ተራራውን ወጣ አይባልም።