ከጭልሞ ጊንጪ የሚያደርስ ጎማ



ለዚህ ወር ጽሑፋችን መነሻ የሆነን ከጭልሞ ደን ግርጌ የተላከልን የአንድ ወጣት ደብዳቤ ነው። ወንድማችን በየቀኑ ጊንጪ ከተማ ወርዶ የሚማረው በአሮጌ የውድድር ብስክሌት ነው። የኋላው ጎማ ከተጣመመ ቆይቷል፤ ሽቦዎቹም በየጊዜው ይበጠሱበታል። በግ አርብቶ በሁለት ዓመት ያጠራቀማት ገንዘብ አለችው። በእሷም በቴሌቪዥን ያያቸውን ዓይነት ጥቁር፣ ጎናቸው ሰፊ የሆነ የካርቦን ጎማዎች ሊገዛ ይፈልጋል። አባቱ ግን «ለጌጥ የሚወጣ ገንዘብ የለንም፤ በግ ይገዛበት» ብለዋል። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው፦ የትኛውን ልግዛ? አባቴስ ልክ ናቸው ወይ?

ከሁለተኛው ብንጀምር ይሻላል። ተማሪን ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛን ሥራው ዘንድ የሚያደርስ ዕቃ ሲበላሽ በደህና ዕቃ መተካት ኢስራፍ አይባልም። ሽቦው በየጊዜው የሚበጠስ የኋላ ጎማ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ተጣጥፎ ባለቤቱን ሊጥል ይችላል። በዚህ በኩል አባት ነገሩን ቀለል አድርገው ያዩት ይመስለኛል። ካርቦኑን በሚመለከት ግን ሙሉ በሙሉ ከአባት ጋር ነኝ። ለምን ቢባል፣ ነገሩን በቁጥር እንየው።

የወንድማችን ክብደት 65 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 11፣ ደብተርና መጽሐፉ 4 ኪሎ ቢሆን በድምሩ 80 ኪሎ ነው። ውዶቹ ጎማዎች ግማሽ ኪሎ ቢያቀሉለት የቀነሱለት የጠቅላላውን 160ኛ እጅ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ጊዜው ከክብደቱ ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ይቻላል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዳገት ቢወጣ የሚያተርፈው 22 ሰከንድ ያህል ነው። ለሁለት ዓመት ልፋት 22 ሰከንድ! ሰፊው የጎማ ጎን ነፋስ ይቀንሳል የሚባለውም ውሸት አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ጎልቶ የሚታየው በከፍተኛ ፍጥነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ነቀምቴ በሚወስደው ጎዳና ዳር ለሚነዳ ሰው ግን ሌላ ጣጣ አለበት፦ ሲኖትራክ ወይም አውቶቡስ አጠገቡ ሲያልፍ የሚነሣው ነፋስ ሰፊ ጎን ያለውን የፊት ጎማ እንደ ሸራ ይገፋዋል።

በአገራችን የብስክሌት ውድድር አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1956) ሜልቦርን ከሄዱት መካከል እነ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም ክረምት ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ወጣቶቻችን እነዚህን አይተው ቢነሣሡ ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚያ ውድድር ላይ ልብ ያላልነው አንድ ነገር አለ። ከተወዳዳሪው ኋላ በጣራዋ ላይ ትርፍ ብስክሌት የጫነች፣ ትርፍ ጎማም የያዘች መኪና ትከተላለች። የእሱ ጎማ ቢሰበር በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ይቀየርለታል። ከጭልሞ የሚወርደውን ልጅ የምትከተል መኪና የለችም። ስለዚህ የጎማው ትልቁ መመዘኛ «ስንት ግራም ነው?» ሳይሆን «ቢበላሽ ጊንጪ ላይ የሚጠግነው አለ ወይ?» የሚለው ነው።

በነገራችን ላይ የብስክሌት ዕቃ ስሞቻችን አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ጎሚስታ ሁሉ ከዚያ ናቸው። ችግሩ «ጎማ» የሚለው ቃል ለላስቲኩም ለሙሉው እግርም መዋሉ ነው። ሱቅ ገብተህ «የኋላ ጎማ» ብትል ላስቲክ ብቻ ሊያወጡልህ ይችላሉና ሙሉውን፣ ከነቸርኬው፣ ከነሽቦውና ከነመሐል አካሉ መፈለግህን አስረዳ። እኛም ከዚህ በታች ሙሉውን «እግር»፣ ከላይ የሚለብሰውን «ጎማ» እያልን እንቀጥላለን።

ከቤት ከመውጣትህ በፊት አሁን ያለው ጎማ ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር አንብብ። «28-622» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታገኛለህ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር ነው። እሱን ሁለተኛውን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ያዝ። «700ሲ» የሚባለው የውድድር ብስክሌት ልክ 622 ነው። ከውጭ የሚመጡ ብዙ አሮጌ የውድድር ብስክሌቶች ግን «27 ኢንች» ናቸው፤ የእነሱ 630 ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ ሆኖም የአንዱ ጎማ በሌላው ቸርኬ አይገባም። «28 ኢንች» የሚለው ስም የባሰ አሳሳች ነው፤ አንዳንዱ 622 ሲሆን የድሮው የከባድ ብስክሌት ደግሞ 635 ነው። የተራራ ብስክሌት የሚባለው ባለ 26ቱ 559 ነው። በኢንች የተስማማ ገዢ ተሳስቶ ሊመለስ ይችላል፤ በዚህ ቁጥር የተስማማ ግን አይሳሳትም።

ቀጥሎ የኋላው እግር የሚገባበትን ሹካ ስፋት ከውስጥ ወደ ውስጥ በማስመሪያ ለካ። 126 ሚሊ ሜትር ከሆነ አሮጌ ባለ 6 ወይም ባለ 7 ጥርስ ነው፤ 130 ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ 8ና ከዚያ በላይ ነው፤ 135 ከሆነ ብዙውን ጊዜ የተራራ ብስክሌት ወይም ባለ ዲስክ ፍሬን ነው። የጥርሱም አያያዝ ሁለት ዓይነት ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ጥርሱ በሙሉ እንደ ክዳን ተጠምዝዞ ይታሰራል። በአዲሶቹ ላይ ጥርሶቹ ከእግሩ ጋር በተሠራ ቦይ ባለው አካል ላይ ይሰካሉ። አንዱ ለሌላው አይሆንም። ሺማኖ ለሆነ ሰው ባለ 8፣ ባለ 9ና ባለ 10 ጥርሶች በአንድ ዓይነት አካል ላይ ይሰካሉ፤ ባለ 11 የውድድር ጥርስ ግን ሰፋ ያለ አካል ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከከበደህ አሮጌውን እግር ፈትተህ ይዘህ ሂድ። ከአሥር ቃል አንድ ናሙና ይበልጣል።

ሽቦን በተመለከተ 32 ወይም 36 ያለውን ምረጥ። 20 ወይም 24 ሽቦ ያለው ያምራል፤ ነገር ግን አንዱ ሲበጠስ ቸርኬው ወዲያው ተጣሞ ፍሬኑን መንካት ይጀምራል። ከ36 አንዱ ቢበጠስ በዝግታ ቤትህ ትገባለህ። ሽቦዎቹም ጫፋቸው ጎንበስ ያለ ተራዎቹ ይሁኑ፤ ለየት ያለ ቅርጽ ያለው ሽቦ ምትኩ አዲስ አበባም ላይገኝ ይችላል። ቸርኬው አሉሚኒየም ይሁን። የሚያብለጨልጨው ብረት ቸርኬ በዝናብ ሲረጥብ ፍሬን አይዝም፤ ክረምቱ ለሚጠናበት ለምዕራብ ሸዋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡ ለሁለቱም እግሮች ካልበቃ የፊቱን ተወው። ከግማሽ በላይ ክብደትህን የሚሸከመው የኋላው ነው፤ ሽቦ የሚበጠሰውም በአብዛኛው እዚያው ነው። በትርፉ ሁለት ጥሩ ጎማና አዲስ የፍሬን ላስቲክ ግዛ። ይህንን ምክር የሚወዱት ነጋዴዎች ጥቂቶች ናቸው።

ስለ ጎማው ስፋት ትንሽ ልቆይ። የድሮ ተወዳዳሪዎች 20ና 23 ሚሊ ሜትር ይነዱ ነበር። ዛሬ ተወዳዳሪዎቹም ወደ 28 መጥተዋል፤ ሰፋ ያለው በሸካራ መንገድ ላይ እንደማይዘገይ ታውቋልና። ለአንተ 28 ጥሩ ነው፤ ሹካውና ፍሬኑ ካስገባ 32 ይበልጣል። ይሁን እንጂ በጎማውና በቴላዮው መካከል ክፍተት መኖሩን አረጋግጥ። የጊንጪን ጥቁር መረሬ የሚያውቅ ያውቀዋል። በክረምት ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ ፍሬኑ ሥር ይሞላና እግሩን ጨርሶ ያቆመዋል። እንዲያ ባለ ቀን ጭቃውን ሳይወጡ ብስክሌቱን ተሸክሞ አስፋልት መድረስ ነው እንጂ መታገሉ ዋጋ የለውም። ለአጋምና ለቀጋ አጥር እሾህ ደግሞ ከሥሩ መከላከያ ንጣፍ ያለው ጎማ ምረጥ፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ይበጃል።

ከመነዳሪው ሲገዛ ንፋስ መሙያው መታየት አለበት። ቀጭኑ የውድድር ዓይነት በየጎሚስታው ካለው የመኪና መሙያ ጋር አይገጥምም። ወይ ትንሿን የናስ ማገናኛ ገዝተህ ኪስህ ውስጥ አኑራት፣ ወይ የመኪና ዓይነት መሙያ ያለውን ከመነዳሪ ያዝ። ሁለተኛውን ከመረጥክ የቸርኬው ቀዳዳ ሰፊ መሆን አለበት፤ ለቀጭኑ የተበሳ ቸርኬ ወፍራሙን አያስገባም። ለ65 ኪሎ ሰው በ28 ጎማ ከ70 እስከ 80 ፒ.ኤስ.አይ ይበቃል። የጭነት መኪና ኮምፕረሰር ትንሿን ከመነዳሪ በቅጽበት ስለሚሞላ ጥቂት በጥቂት እያስነፉ በጣት መፈተን ነው፤ አለዚያ ጆሮ ላይ ትፈነዳለች።

ብዙዎቻችን የምንገዛው መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ዕቃ ነው። እግሩን በአየር ላይ አሽከርክረህ ወደ ጎን የሚወዛወዝ መሆኑን እይ። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን እየጨበጥህ ውጥረታቸው ተመሳሳይ መሆኑን ፈትን። ፍሬኑ የሚይዝበትን የቸርኬ ጎን ላይ የማስመሪያ ጠርዝ አስጠጋ፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ በልቶታልና አይረባም፤ አንድ ቀን ሊሰነጠቅ ይችላል። መሐሉን በእጅህ ነቅንቀው፤ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተንኳኳ ኩሽኔታው ወይ ላልቷል ወይ አልቋል። ሻጮች ወንድሞቻችንም ልብ ይበሉ። የዕቃን ዐይብ እያወቁ መደበቅ በሸሪዓችን ማጭበርበር ነው፤ ተደብቆ የነበረ ዐይብ ያገኘ ገዢም የመመለስ መብት አለው። ስለዚህ ስትስማማ «ተጣሞ ካገኘሁት እመልሳለሁ» ብለህ በሰው ፊት ተናገር። አንድ እግር ብቻውን፣ ሻጩ እየተገላመጠ፣ በእርካሽ ከቀረበልህ ደግሞ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። የሌላ ተማሪ ብስክሌት እግር ሊሆን ይችላል፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት አይፈቀድም።

አሁን ወደ ተጨማሪ ዕቃዎች እንለፍ። እዚህ ላይ የወላጆችን ጆሮ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ መብራት ነው፤ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወድቃል። በረመዷን ለፍጡር ለመድረስ ሁሉም ሰው፣ ባለመኪናውም ባለብስክሌቱም፣ በዚያችው በድንግዝግዝ ሰዓት ይጣደፋል። ከእግሩ ውድነት ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ይህንን ግዙ። ቀጥሎ ሄልሜት ነው። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ኮፍያም ሆነ ሒጃብ ቢኖር ስስና ቋጠሮ የሌለው ይሁን። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ባይሰነጠቅም እንኳ ይጣል።

ሦስተኛው የካቴና መሸፈኛና የኋላ እግር መረብ ነው። ጀለቢያ ለሚለብስ ወንድም፣ ዐባያ ለምትለብስ እህት ይህ ጌጥ አይደለም። ጨርቅ በካቴና ወይም በሽቦ መሐል ሲገባ እግሩ ባለበት ይቆማል፤ ሰውየው ግን አይቆምም። ከኋላ መጫኛ ላይ ልጅ የሚጭኑ አባቶችንም አደራ የምንለው ይኼንኑ ነው። የልጅ ተረከዝ በሚሽከረከር ሽቦ መሐል ገብቶ የሚደርሰው ጉዳት ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነው፤ ቆዳና ጅማት ይገፍፋል፣ አጥንትም ይሰብራል። መረብና የእግር ማስቀመጫ ከሌለ ልጅ አይጫን። በቀጭን የውድድር ብስክሌትማ ጨርሶ አይታሰብም።

በቦርሳህ ውስጥ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ መንፊያ፣ የሽቦ ማጥበቂያ ቁልፍና እግሩ በዳዶ የሚታሰር ከሆነ ባለ 15 ቁልፍ ይኑር። አዲስ እግር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽቦዎቹ ቦታ ሲይዙ ሊላሉ ይችላሉ። ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ፣ ከጊንጪ አምቦ ሄደህ ተመልሰህ ብትጨምርበት እንደምትሞላት ዓይነት፣ ጎሚስታው ዘንድ ወስደህ አስተካክል። አንዷን የላላች ሽቦ ያን ቀን ማጥበቅ የደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ካቴናና ስለ ማርሽ የጠየቃችሁን ወንድሞችና እህቶች፣ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንመለስበታለን።