ማይክሮዌቩ ሲበላሽ፦ ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት



ከጣና በስተምሥራቅ ያለውን የወንዛዬን ፍል ውኃ ያየ ሰው፣ እሳት ሳይነድ ውኃ መሞቁ አዲስ አይሆንበትም። በየቤታችን እየገባ ያለው ማይክሮዌቭም ነበልባል ሳይታይበት ያሞቃል። ብዙ ሰው የሚፈራውም ይህንኑ የማይታይ ነገር፣ ማለትም «ጨረሩን» ነው። ዳሩ ግን ዕቃው ሲበላሽ የቤቱ ወጣት ካቻቢቴ አንሥቶ ሽፋኑን ሊፈታ ሲቀመጥ የሚፈራለት የለም። ነገሩ መሆን የነበረበት በተገላቢጦሽ ነው። ለምን? እንመልከት።

ጨረሩ ምንድን ነው?

ታሪኩ እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ በራዳር መሣሪያ አጠገብ ሲሠራ ኪሱ ውስጥ የነበረው ቸኮላት ቀለጠበት። ከዚህ ተነሥቶ የሠራው ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ሲቀርብ ቁመቱ የሰው ያህል፣ ክብደቱም ከ300 ኪሎ በላይ ነበር።

ይህ ሞገድ የሬዲዮና የሞባይል ሞገድ ዘመድ ነው እንጂ እንደ ራጅ ያለ አይደለም። ያሞቃል፤ ምግቡን ግን ጨረር ተሸካሚ አያደርገውም። መብራት ሲጠፋ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ፣ ማይክሮዌቩም ሲጠፋ ሞገዱ ወዲያው ይጠፋል።

ይህ ማለት ግን ሞገዱ ሰውን አይጎዳም ማለት አይደለም። በብዛት ካፈተለከ ሥጋን ያሞቃል። በተለይም የዓይን ሌንስ ሙቀቱን የሚያበርድለት የደም ሥር ስለሌለው ይጎዳል። ስለዚህም በአሜሪካ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋብሪካዎች የሚገደዱበት ልክ ወጥቷል፤ ይኸውም ከምድጃው 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ዋት እንዳይበልጥ ነው። ሰው ወደ ኋላ በራቀ ቁጥርም ኃይሉ በፍጥነት ይቀንሳል፤ በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ በ5 ሴንቲ ሜትር ከነበረው ወደ አንድ መቶኛው ይወርዳል።

በበሩ መስታወት ላይ የምናየው ባለ ቀዳዳ ብረት ሥራው ይኸው ነው። የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በትናንሾቹ ቀዳዳዎች አያልፍም፤ ብርሃን ግን ያልፋል። እንግዲህ ማፍተልተል የሚመጣው በሩ ሲጣመም፣ ማጠፊያው ሲላላ፣ ብረቱ ሲቀደድ ወይም በጠርዙ ላይ ቅባትና ፍርፋሪ ሲጋገር ነው። «ሞባይል ውስጡ ከትቶ ደውሎ መሞከር» የሚባለው ዘዴ አያስተማምንም። ሞባይል እጅግ ደካማ ሞገድ ስለሚይዝ፣ ቢጠራም ባይጠራም ስለ ጉዳት የሚነግረን ነገር የለም። የሚታመነው በመለኪያ መሣሪያ መለካት ብቻ ነው።

ሞት ያለው ከሽፋኑ ሥር ነው

ከግድግዳ የሚገባው 220 ቮልት በውስጡ ባለው ትራንስፎርመር ወደ 2,000 ቮልት ገደማ ያድጋል። ከዚያም በካፓሲተርና በዳዮድ እስከ 4,000 ቮልት ደርሶ ሞገዱን ወደሚያመነጨው ማግኔትሮን ይሄዳል። ይህ ኃይል ልብን በአፍታ ያቆማል። ሌላ የቤት ዕቃ ስንጠግን የለመድነው ጥንቃቄም እዚህ አይበቃም። ካፓሲተር እንደ ገንቦ ነውና፤ ምንጩ ቢዘጋም ገንቦው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ስፒናው ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን የያዘው ኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል። በብዙዎቹ ውስጥ ይህን የሚያፈስ ሬዚስተር ቢኖርም እሱም ይበላሻልና «ነቅዬዋለሁ» ብሎ እጅ መስደድ ሕይወትን ያስከፍላል።

ሁለተኛው አደጋ የበሩ ስዊቾች ናቸው። በሩ ሲከፈት ሞገዱን የሚያቋርጡ ከአንድ በላይ ስዊቾች አሉ። እነሱ ተጣብቀው ከቀሩ ደግሞ ሌላ ስዊች ሆን ብሎ ፊውዙን ያቃጥላል። ስለዚህ የተቃጠለ ፊውዝ አንዳንዴ ማስጠንቀቂያ ነው። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት፣ ወይም «ስዊቹ ስላስቸገረ» በቀጥታ ማገናኘት፣ በሩ ተከፍቶ ሞገድ የሚረጭ ምድጃ ለእናትና ለሕፃናት ማስረከብ ነው። ጨረሩ በእርግጥ የሚያስፈራው ያኔ ነው።

ሦስተኛው፣ በአንዳንድ ማግኔትሮኖች ሴራሚክ ውስጥ ቤሪሊየም የተባለ ንጥረ ነገር ይኖራል፤ ሲሰበር አቧራው ሳንባን ይጎዳል። ልጆች ማግኔቱን ለማውጣት እንዳይሰባብሩት እንከልክል። ትራንስፎርመሩን አውጥተው እንጨት ላይ ቅርጽ ለማቃጠል የሞከሩ ብዙ ሰዎች በአሜሪካ ሞተዋል። በቪዲዮ የታየ ሁሉ አይሞከርም።

ከአረብ አገር ለሚመጣ ዕቃ

እህቶቻችን ከሳዑዲ የሚያመጡት ማይክሮዌቭ ቶሎ ቢበላሽ አይግረመን። የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ኸርዝ ነው። ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ከልክ በላይ ይግላል። ቮልቱ አንድ ቢሆንም እንኳ ችግሩ አይቀርም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» የሚል መሆኑን ማየት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ቤተሰብ ሊሠራው የሚችለው ስፒናውን ነቅሎ ውስጡንና የበሩን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት፣ ሶኬቱንም መፈተሽ ነው። የውጭ ሽፋኑን ግን አንፍታ።

2ኛ. በሩ ከተጣመመ፣ በደንብ ካልገጠመ፣ ወይም በሩ ተከፍቶ መሥራቱን ከቀጠለ፣ ስፒናውን ነቅለን ዳግም አንጠቀምበት።

3ኛ. ባለ ሦስት እግር ስፒናን ቆርጠን በባለ ሁለት አንተካ፤ ሦስተኛው ሽቦ ኤሌክትሪክ ወደ ሽፋኑ ቢያመልጥ ሰውን ለማዳን የተዘረጋ ነው።

4ኛ. መብራት ሲሄድ እንንቀለው፤ ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋጋ እንጠብቅ።

5ኛ. ለጠጋኙ ስንሰጥ አንጠይቅ ብለን አንፈር፦ ካፓሲተሩን እንዴት ታራግፋለህ? የበሩ ስዊቾች ሁሉ በቦታቸው ናቸው? ፊውዙ በትክክለኛው ፊውዝ ተተክቷል? በቂ መልስ ከሌለው ዕቃውን ይዘን እንመለስ።

ሙያውን የሚወድ ወጣት ተስፋ አይቁረጥ። በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማ ባሉት የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ተምሮ፣ ከባለሙያ ጎን ቆሞ ይለማመድ። ወላጆችም ልጃችን ያበላሸዋል ብለን ስለ ዕቃው ብቻ አንቆጣ። ዕቃው በገንዘብ ይተካል፤ ልጅ ግን አይተካም።

አላህ ቤታችንን ከአደጋ ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።