ምንጣፉን ግለጠውማ

«ቤታችን አይሸትህም?» አለኝ ወዳጄ። ነሐሴ ነው፤ ቡናው ገና አልተቀዳም።

«እንግዳ እንዲህ ይጠየቃል?»

«አንተ ደግሞ መቼ እንግዳ ሆንክ! ንገረኝ።»

«ይሸታል። ሳይደርቅ የተለበሰ ካልሲ ካልሲ ይላል።»

«ይኸውልህ! ወለሉ በቀን ሁለቴ ይታጠባል። በረኪናው አለ፣ ዕጣኑ አለ። ምን ቀረው?»

እውነቱን ነው፤ ፕላስቲክ ምንጣፉ ያብለጨልጫል። «ግለጠውማ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ምንጣፉን። እዚያ፣ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ያለውን ጥግ።»

እያጉረመረመ ገለጠው። ሊሾው በእርጥበት ጠቁሯል፤ የምንጣፉ ጀርባ ውሃ አቅርሯል፤ ወደ ግድግዳው በኩል ሻጋታው ነጠብጣብ ሠርቷል።

«ጣሪያው እኮ አያፈስም!» አለ።

«ከላይ አልመጣማ። ከመሬት ነው። ስሚንቶ ሲያዩት ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ በጣም በቀጠኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ አፈሩ ሲርስ ውሃውን እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣዋል። የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ ነው የሚወርደው። አሮጌ ቤት ሲሆን ከሊሾው ሥር እርጥበት የሚያግድ ላስቲክ ብዙ ጊዜ የለም። ሊሾው ባዶውን ቢሆን እርጥበቱ ቀስ እያለ ይተን ነበር። አንተ ከደንክበት።»

«ውሃ አያሳልፍም ተብዬ ነው የገዛሁት።»

«አላሳለፈማ! ከላይ የማያሳልፍ ከታችም አያሳልፍም። ዋልዶ ሴሞን የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ በ1926 እ.ኤ.አ. ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ሙጫ ሲፈልግ ነው ይህ ምንጣፍ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፒቪሲን፣ እንዲህ ማለስለስን ያገኘው። ሙጫ ፈልጎ ውሃ የማይገባው ነገር አገኘ። ፕላስቲኩ ራሱ ቶሎ አይበሰብስም፤ ሻጋታው የሚበላው ሥሩ የገባውን አቧራ፣ የጀርባውን ጨርቅና ማስቲሹን ነው።»

«እንግዲያው በረኪናውን ልጨምርበት።»

«ውሃውን ቀንስ! በባልዲ ስትደፋበት በዳርና በመጋጠሚያው ሾልኮ ሥሩ ይገባል፤ ከዚያ መውጫ የለውም። ለብ ባለ ውሃ ላይ ላርጎ ጠብ አድርገህ፣ ጨርቁን እስኪበቃው ጨምቀህ ወልውል፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። በረኪና ሲበዛ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ከሆምጣጤ ወይም ከአሲድ ጋር ደግሞ እንዳትቀላቅለው፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።»

«እማዬ በነጭ ጋዝ ታሸው ነበር። እንዴት ያበራ መሰለህ!»

«እሳቸው የሚያሹት ጣውላ ይሆናል። ፕላስቲክን በነጭ ጋዝና በቤንዚን ደጋግመህ ስታሸው የሚያለሰልሰውን ንጥረ ነገር ያወጣበትና ይደርቃል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። የበሩን የጎማ እግር መጥረጊያም አንሳው፤ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥበት ከጎማው የሚወጣው ነገር ሰርጎ ቢጫ ያደርገዋል፤ ምንም ብትፈትግ አይለቅም።»

ወዳጄ ወደ ረከቦቱ ዞር አለ። «ቄጠማውስ?»

«ቄጠማውን ማን ይከለክልሃል? ብቻ እርጥቡን አታሳድረው። ከከሰል ምድጃው ሥር ጡብ አድርግበት፤ ፒቪሲ ሲግል ይለሰልሳል፣ ፍም ቢወድቅበት ደግሞ ያኔውኑ ይበሳዋል።»

«አሁን ይሄን ጉድ ምን ላድርገው?»

«ቀን ጠብቅ። ነሐሴም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ብቅ የምትልበት ቀን አያጣም። ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ክፈት፤ ምንጣፉን ጠቅልለህ አውጣው፤ አትጠፈው፣ በብርድ ጊዜ ደርቆ ስለሚቆይ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ሻጋታውን አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ በእርጥብ ጨርቅ አንሳው፤ በደረቁ ከጠረግኸው ቤቱን ሙሉ ትዘራዋለህ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ትንሽ አርቀው። ከዚያ ወደ ውጭ ውጣ። አሸንዳው የሚያፈሰው ውሃ ግድግዳው ሥር እየተኛ ከሆነ የውስጡ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቦዩን ጥረግለት።»

«ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ለምን እለፋለሁ? ባለቤቴ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልትገዛ ነው። ከላዩ እናነጥፈዋለን።»

የፈራሁት ይሄንን ነበር። ከተማው ሙሉ አዲስ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ለበዓል ነው፤ በዓሉ የሚውለው ደግሞ መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከርሞ ገና አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ፀሐይ ሳይመታው ነው። በዓመቱ ውስጥ ወለል ለመሸፈን ከዚህ የከፋ ሳምንት ቢፈለግ አይገኝም። በአሮጌው ላይ ሲደረብማ እርጥበቱ ሁለት ክዳን አገኘ ማለት ነው። አንዳንድ ቤት ብትገልጥ የሦስት እንቁጣጣሽ ምንጣፍ ተደራርቦ ታገኛለህ፤ የታችኛው አበባ ነበር፣ አሁን ጭቃ ነው።

«ታዲያ መቼ ይነጠፍ?»

«ጥቅምትን አሳልፈህ፣ ኅዳር ላይ። ደረቁ ነፋስ ሊሾውን ሲያደርቀው። ካላመንክ ሞክረው፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርጋና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፈው። ማታ ለጥፈህ ከ16 ሰዓት በኋላ አንሳው። ሥሩ ውሃ ከቋጠረ ወይም ሊሾው ከጠቆረ አልደረቀም፤ ማስቲሽ አይይዝበትም። ለበዓሉ የግድ ከሆነም አሮጌውን አውጥታችሁ፣ ሳትለጥፉ ዝም ብላችሁ ዘርጉት፤ በየሳምንቱ ዳር ዳሩን እየገለጣችሁ አናፍሱት።»

ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጓዳ አየ። «ይሄን የኅዳሩን ነገር አንተ ብትነግራት ይሻላል።»

«እኔ የማውቀው ስለ እርጥበት ብቻ ነው» አልኩና ስኒዬን አቀረብኩ።