ሰቆጣ የረሃብ ስም አይደለችም

ከመካከላችን አንዱ የሰቆጣ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዶርም ውስጥ አልጋ ሲከፋፈሉ፣ ከላይኛው አልጋ ያለው ልጅ «የየት አገር ልጅ ነህ?» ይለዋል። «የሰቆጣ» ይላል የእኛው። ልጁ ትንሽ አሰብ አደረገና «እ... የረሃቡ?» አለው። ልብ በሉ፤ ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ሊያጽናናው ብሎ ከቤቱ ከመጣለት በሶ አንድ ኩባያ በጥብጦ ሰጠው። ወዳጃችን በሶውን ጠጣ። ያ በሶ ግን እስከ ዛሬ አልተፈጨለትም።

ይህን የምንጽፈው በዚያ በሶ ምክንያት ነው። አበው «ስም ከቤት ይወጣል፤ ጎረቤት ይቀበላል» ይላሉ። የሰቆጣ አዲሱ ስም ግን ከቤት አልወጣም። የወጣው ከቢሮ ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ የዓለም መንግሥታትን የገንዘብ ለልማት ጉባኤ በምታስተናግድበት ሰሞን፣ መንግሥት አንድ ታላቅ ቃል ገባ። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ከኢትዮጵያ ምድር አጠፋለሁ አለ። የቃሉም ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ሆነ። ሥራው ከተከዜ ተፋሰስ፣ ከአማራና ከትግራይ ከተመረጡ 33 ወረዳዎች ጀመረ፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 240 ወረዳዎች ሰፋ። እቅዱን አንነቅፍም። ሕፃን እንዳይቀነጭር መሥራትን የሚነቅፍ ጤነኛ ሰው አለ ብለንም አናምንም። በየቀበሌው ፀሐይ እየመታቸው የሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎች እንዳሉም እናውቃለን።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። የአንድን ሕዝብ ስም ወስደህ የቃልህ ማኅተም ካደረግኸው በኋላ ለስሙ ባለቤት ምን ዕዳ አለብህ?

ምድሩ ነው እንዴ ጥፋተኛው?

ስለ ዋግ ኽምራ የሚጻፍ ሪፖርት ሁሉ አንድ ዓይነት መግቢያ አለው። «አካባቢው በረሃማነት የሚያጠቃው፣ መሬቱ የተራቆተ፣ ዝናቡ የተቆራረጠ...» እያለ ይወርዳል። ውሸት አይደለም። ዝናቡ ሐምሌ ላይ ዘግይቶ ይገባና አንዳንዴ ነሐሴ ሳያልቅ ጥሎ ይሄዳል። ሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ ከሷ ወደ ተከዜ ስትወርድ ደጋው ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋው የጋለ ቆላ ይሆንብሃል። ደሃናና ጋዝጊብላ ብርድ ሲመታቸው አበርገሌና ዝቋላ በሙቀት ይነዳሉ።

እኛን የሚያናድደን ከመግቢያው የሚከተለው ድምዳሜ ነው። «ስለዚህ ይራባሉ» ይላል። ይቺ «ስለዚህ» የምትባል ቃል ስንቱን ሹም ከተጠያቂነት አዳነች! ጥፋቱ የሰማይ ከሆነማ ማን ይከሰሳል?

እስቲ ታሪኩን እንጠይቀው። ዋግ እንደ አውራጃ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር። ስለ 1965/66ቱ የወሎ ረሃብ የጻፈው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየ። ሕዝቡ ሲረግፍ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እህልም ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ሰው የሞተው መግዣ ስላጣ ነው። 1977 ሲመጣ ደግሞ ጦርነቱ መንገዱንና ገበያውን ዘጋው። የዋግ ገበሬ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ኮረም ተሰደደ። የዓለም ካሜራም ኮረም ላይ አገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን የምታውቁት በዚያ ምስል ነው። ከካሜራው በፊት የነበረውን ግን ማንም አልቀረጸም።

ቅርቡን ደግሞ እንይ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ቤቱ ሳይመለስ፣ በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ዝቋላን፣ ሰሃላ ሰየምትንና አበርገሌን መታ። ጦርነት ጎተራውን ባዶ ባደረገበት ዓመት የሚመጣ ድርቅና ጎተራ ሙሉ ሆኖ የሚመጣ ድርቅ አንድ ናቸው? ሰማዩ ያው ነው። የተለየው የሰው ሥራ ነው።

ምድሩ ብቻውን ጥፋተኛ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር አለ። ድንጋዩ የእኛው ዓይነት ድንጋይ፣ ዝናቡም የእኛው ዓይነት ቀማኛ ነው። ነዋሪው ተራራውን ከልቶ፣ እርከን ሠርቶ፣ ውኃውን አፈር ውስጥ አስቀርቶ የደረቀውን ጉድጓድ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት ወሰደ። እዚያ የተቻለ እዚህ የማይቻልበት ምክንያት ካለ ይነገረን።

የተከዜ ልጅ ውኃ ጠማው

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዋግ የተነገረ ነው የሚመስለው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነስቶ ዋግን ዞሮ፣ ጸላሪን የመሳሰሉ ገባሮቹን ጠቅልሎ፣ አትባራ ተብሎ በሱዳን ከዓባይ ይገባል። በ2002 ዓ.ም. 188 ሜትር የሚረዝመው፣ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የተከዜ ግድብ ተመረቀ። በስተኋላው የተኛው ሐይቅ የዋግን ቆላ ወረዳዎች ያዋስናል። ያኔ በቁመቱ በአፍሪካ ወደር የለውም ተብሎ ተጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን።

እዚህ ላይ መሐንዲስ ወዳጆቻችን ይስቁብናል። «ተከዜ እኮ ገደል ውስጥ ነው፤ ውኃ በማንኪያ ቀድታችሁ ልታወጡ ነው?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ተከዜን ወደ ሰቆጣ አምጡልን አላልንም። የምንለው ሌላ ነው። ለግድቡ ብር፣ ጥናትና መሐንዲስ ያገኘ አገር ለጸላሪና ለትናንሽ ገባሮች መስኖ ሲባል ለምን ሁሌ «በጀት አልተያዘም» ይላል? ሐይቁ ውስጥ ዓሣ የሚያጠምደው የዋግ ወጣት ዓሣውን ሳይበላሽ ገበያ የሚያደርስበት ማቀዝቀዣና መንገድ ይገባዋል። ይህን መጠየቅ ቅንጦት ከሆነ ንገሩን።

ደግሞስ ዋግ ባዶ እጁን ነው ያለው ማን ነው? የአበርገሌ ፍየል የታወቀ ዝርያ ነው። የሰቆጣ ማር በነጭነቱ ይጠራል። በተከዜ ዳር ቆላ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን የፈረንጅ ሽቶ ሠሪም የሚፈልገው ያው ዕጣን። ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ እሳትና ልቅ ግጦሽ ችግኙን እየፈጀው፣ ያለ ልክ መድማትም ዛፉን እያዳከመው ስለሆነ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ይኸውላችሁ፤ ያለንንም እያጣን ነው። እዚህ ላይ እኛም ከወቀሳው አናመልጥም። ፍየሉን በለጋው ቡቃያ ላይ የሚለቀው ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም አይደለም። ዛፉን ለከሰል የሚቆርጠውም የእኛው ዘመድ ነው። የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር የሰው ብንቆጥር ማን ይሰማናል?

ስሙ የማን ነበር?

ያ የዶርም ልጅ ሰቆጣ ሲባል ሌላም ነገር ሊያስታውስ ይችል ነበር። ግን ማንም አላስተማረውም።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ናት። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥሩ ናቸው። ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ሦስት ዓመት ገዝቶ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ፣ ኋላ በአፄ ዮሐንስ፣ ተሸነፈ። በመማሪያ መጽሐፎቻችን ግን ከቴዎድሮስ ወደ ዮሐንስ ስንሻገር እሱን እንደ ድልድይ ረግጠነው ነው የምናልፈው። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ዋግን ይዘው በፋሺስት ላይ ተነሱ። በ1930 ዓ.ም. መስከረም ሲወድቁ ጣሊያን አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ አቆመው። ከሰቆጣ ቅርብ ርቀት ላይ ከአንድ አለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሳይፈርስ የቆየ የዋግ ሹሞች አስከሬንም በውስጡ አለ። ላሊበላ የሚሄደው ቱሪስት ጥቂት መንገድ ቢጨምር ያየው ነበር።

ቋንቋውስ? ኽምጣና የአገው ቋንቋዎች ወገን ነው፤ የአዊው አውንጂና የኤርትራው ብሌን ዘመዱ ናቸው። የላሊበላን ዘመን ያቆመው ሕዝብ ወገን የሚናገረው ቋንቋ ዛሬ በሰቆጣ ጎዳና ላይ አማርኛ እየተጫነው ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሰጠት መጀመሩ ጥሩ ነው። ልጁ በቋንቋው የሚያነበው ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ምን አለው ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ ያሳፍራል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ልጃገረዶች የሻደዩን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ ሁላችሁም በቴሌቪዥን ታያላችሁ። ሻደይ ሲያልቅ ካሜራው ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው እርዳታ ሲታደል ነው። ለዓለም የምንታየው ወይ ስንጨፍር ወይ ስንራብ ነው። በመካከል ያለው ኑሯችን የማን ነው?

ቃሉን ቁጠሩልን

ወደ ቃል ኪዳኑ እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል 46ቱ። በ2011ዱ አነስተኛ ጥናት አገሪቱ 37፣ ክልሉ 41 ሆኑ። መሻሻል አለ። ነገር ግን ከ38 ወደ 37 በሚሄድ እግር ዜሮ ላይ መቼ እንደሚደረስ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅም ያሰላዋል። ከዚያ ወዲያ ጦርነቱና ድርቁ መጡ። እ.ኤ.አ. 2030 ደግሞ ደጃፋችን ደርሷል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቃሉ በስማችን የተገባ ነውና ሂሳቡም በስማችን ይቅረብ። በዋግ በየወረዳው ስንት ሕፃን ቀነጨረ፣ ስንት ዳነ፣ ስንት ብር ወጣ? ይህ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሰቆጣ ላይ፣ በኽምጣናም በአማርኛም ይነበብ። ሁለተኛ፣ ወረዳ መጨመር ውጤት አይደለም። 33 ወደ 240 ማደጉ የሚያስመሰግነው 33ቱ ላይ የተጀመረው ሲጨረስ ነው። ሦስተኛ፣ ከእርዳታ ስንዴ ጎን ለጎን መስኖው፣ የዕጣኑ ዛፍ ክለላና የዓሣው ማቀዝቀዣ ይምጣ። ሕፃን የሚቀነጭረው በአንድ የድርቅ ዓመት ብቻ አይደለም። እናቱ ውኃ ለመቅዳት በምትጓዝበት ሰዓት ሁሉ፣ ከሽሮ ሌላ ወጥ በማታይበት ወር ሁሉ ይቀነጭራል።

ይህ ሁሉ ካልሆነስ? ካልሆነ ስማችንን መልሱልን። ቃል ኪዳናችሁን በሌላ ስም ጥሩት። እኛ ሰቆጣን ለነገሥታቷ፣ ለማሯ፣ ለሻደይዋ እንፈልጋታለን።

ወዳጃችን አሁን ተመርቆ ሥራ ይዟል። ያን የዶርም ልጅ ግን እስከ ዛሬ ይወደዋል። በሚቀጥለው ክረምት ሰቆጣ ወስዶት ነጭ ማር ሊያቀርብለት አስቧል፤ የበሶውን ብድር ሊመልስ።

ቸር ይግጠመን።