«ተነሱ» የሚባለው ለተኛ ነው!

በየዓመቱ ሚያዝያ ሲጋመስ አንድ በዓል አለ። «የልጃገረዶች የቴክኖሎጂ ቀን» ይሉታል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየአገሩ ሲያስከብረው የኖረ ነው። አዳራሽ ይዋባል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ካናቴራ ይታደላል። ከዚያ አንዲት የተከበሩ እመቤት መድረክ ላይ ይወጡና «ልጆቼ ተነሱ! ቴክኖሎጂ የወንድ ብቻ አይደለም!» ይላሉ። ይጨበጨባል። ሻይ ቡና ይባላል። ይበተናል።

ንግግሩ ክፉ አይደለም። እንዲያውም እውነት ነው። የኔ ጥያቄ ወዲህ ነው፦ «ተነሱ» የሚባለው ለተኛ አይደለም እንዴ? የፎገራዋ ልጅ መቼ ተኛችና ነው የምትቀሰቀሰው? ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ውኃ የምትቀዳ፣ ክረምቱን ጭቃና ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ሩዝ ስታርም የምትውል ልጅ እንቅልፍ አልጎዳትም።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ወረታ ትገኛለች። መንገዱ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልዲያ። ከከተማዋ ወደ ጣና የተዘረጋው ሜዳ ነው ፎገራ። ርብና ጉማራ ይፈሱበታል፤ ክረምቱ ሲጠና ደግሞ ይተኙበታል ማለት ይሻላል። የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀለ የአገሩ ሰው አይረሳውም።

ይህ ሜዳ ዱሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። ክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ገበሬው ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጡና ደራ ውስጥ ጂግና፣ ፎገራ ውስጥ ሻጋ በሚባሉት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ሩዝ ተሞከረ። ዛሬ ፎገራ ሲባል ሩዝ ነው። እንጀራው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። «ኤክስ ጂግና» የተባለው ዝርያ የጂግናን ስም ይዞ ቀርቷል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው ወረታ ላይ ነው።

ሩዝን እዚህ ያመጣሁት በምክንያት ነው። ፎገራ አንድ ጊዜ እንግዳ ቴክኖሎጂ ተቀብሎ የራሱ ያደረገ አገር ነው። እንዴት ተቀበለ? «ሩዝ ዝሩ፣ ሩዝ ተስፋችሁ ነው» ተብሎ ስለተጨበጨበለት ነው? የለም! ዘሩ እጁ ገባ። ጎረቤት ማሳ ላይ ሲበቅል በዓይኑ አየ። ውኃው ከድሮም ነበረ። ወረታ ላይ መፈተጊያ ተተከለና ገዢ መጣ። ዘር፣ ማሳያ፣ ውኃ፣ ገበያ። ከአራቱ አንዱ ጎድሎ ቢሆን ኖሮ ፎገራ ዛሬም ጓያውን ይዘራ ነበር። እስቲ የልጃገረዶቻችንን ነገር በዚህ እንመዝነው።

አንደኛ፣ ዘሩ። ወጣት ቤተልሔም ደሴን እንውሰድ። የሐረር ልጅ ናት። አዲስ አበባ ባለው አይኮግ ላብስ ውስጥ ልጆችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምሩ ሥራዎችን በማስተባበር ስሟ በዓለም ተሰምቷል። (አይኮግ ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሥራ ላይ እጁ ያለበት ድርጅት ነው። ሮቦቷ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ በክብር ተስተናግዳ ሄዳለች። ከወረታ አዲስ አበባ ለመድረስ ከሷ ይልቅ የሚቸገር የሰው ልጅ መኖሩን ነገሬ ያለ የለም።)

ቤተልሔም እንዴት ጀመረች? ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ልደቴን ላክብር ብላ አባቷን ገንዘብ ጠየቀች። አባት «ዛሬ የለኝም» አሉ። እሳቸው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነጋዴ ነበሩና ኮምፒዩተር እጇ አጠገብ ነበረ። ቁጭ አለችና ቪዲዮ ማቀናበር፣ ለደንበኞች ስልክ ላይ ዘፈን መጫን ጀመረች። ገንዘቧንም አገኘች። በኋላ ከሠራቻቸው ፕሮግራሞች መካከል ለመስኖ የሚውሉ ወንዞችን ካርታ ለማንሳት የሚያገለግል፣ ለመንግሥት የተሠራ አንድ አለ።

ጉብዝናዋን የሚጠራጠር የለም። ግን ኮምፒዩተሩ ሱቅ ውስጥ ባይኖርስ ኖሮ? ወንዝ ካርታ ላይ የሚያሰፍር አእምሮ እኮ ርብና ጉማራ ዳርም ይወለዳል። የጎደለው ሱቁ ነው።

ሁለተኛ፣ ማሳያው። ወ/ሪት ፍሬሕይወት ታምሩ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በእሳቸው አመራር ነው። ሴት ልጅ ያን የሚያህል ድርጅት ስትመራ በቴሌቪዥን ማየት ለአንዲት የወረታ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ገበሬው ሩዝን ያመነው በቴሌቪዥን አይቶ አይደለም፤ በጎረቤቱ ማሳ ነው። ልጅቱም የምታምነው የሠፈሯ ልጅ ተምራ፣ ኮምፒዩተር ጥገና ከፍታ ወይም የትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር መምህርት ሆና፣ ደመወዟን ተቀብላ ለእናቷ ነጠላ ገዝታ ስታይ ነው።

ሦስተኛ፣ ውኃው። የቴክኖሎጂ ውኃው መብራትና ኔትወርክ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። ልክ በዓመቱ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ጋር ሆኖ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚለውን ዕቅድ አበሠረ። ትምህርቱ በምን ይሰጣል? በኢንተርኔት! ቧንቧውን ዘግቶ «ኑ ውኃ ቅዱ» ማለት ይህ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙት የክልሉ ልጆች በሚሊዮን እንደሚቆጠሩ ደግሞ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ የተናገረው ነው።

ነገሩ በምኞት ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። ስለዚህ ኮምፒዩተር የፈለገ የሚመርጠው ሙያ መሆኑ ቀርቶ የዩኒቨርሲቲ በር ቁልፍ እየሆነ ነው። ቁልፉን ነክታ የማታውቅ ልጅ በሩን በምን ትክፈተው?

ስለ ውኃ ከተነሳ የጊዜም ነገር አለ። ሩዝ ጉልበት ይበላል። ትምህርት መስከረም ሲከፈት ሥራው አላለቀም፤ አጨዳውና ውቂያው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንዲሁ ማሳ ላይ ያልቃል። ማታ ቤት ስትገባ ወንድሟ አረፍ ይላል፣ እሷ እሳት ታያይዛለች። እንግዲህ ለዚህች ልጅ የመጀመሪያው ቴክኖሎጂ ላፕቶፕ ላይሆን ይችላል። የሩዝ ማረሚያና መውቂያ መሣሪያ፣ ቅርብ የሆነ የውኃ ቧንቧ ነው። ጀርባዋ ቀና ሳይል ዓይኗ ስክሪን ላይ አያርፍም።

አራተኛ፣ ገበያው። ሩዝ መፈተጊያ ባይኖር ኖሮ ገለባ ለብሶ ይቀር ነበር። ተምራ ስትጨርስ የት ትቀጠራለች? መልሱ ሁልጊዜ «አዲስ አበባ» ከሆነ አባቷ አይልካትም፤ የመንገዱ ነገር ደግሞ ይታወቃል። ወረታ ግን ባዶ ከተማ አይደለችም። የሩዝ ምርምር ማዕከል አላት፣ የግብርና ኮሌጅ አላት፣ ደረቅ ወደብ አላት። የዝናብና የምርት መረጃ የሚሰበስብ፣ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ለየቀበሌው በስልክ የሚያስጠነቅቅ፣ የሽንኩርቱንና የሩዙን ዋጋ ከደላላ አፍ አውጥቶ ለገበሬው የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ለመሥራት አገሩን የሚያውቅ ይሻላል። የትኛው ማሳ መጀመሪያ እንደሚሰጥም ከልጅቱ በላይ ማን ያውቃል?

«ታዲያ ሴት መሪዎቻችን ዝም ይበሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። ዝም አይበሉ! ይልቅ ፊታቸውን ያዙሩ። እነዚህ እመቤቶች የፎገራ እናት የሌላት አንድ ነገር አላቸው፤ ባለ በጀቱ ዘንድ ገብተው ይደመጣሉ። ልጆቹን «ተነሱ» የሚሉበትን ግማሽ ሰዓት ለሹሞቹ ያውሉት። «ኔትወርክ እንደ መብራትና እንደ ውኃ ነው፤ በፖለቲካ ሰበብ አይዘጋ» ይበሉልን። «ለየትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ስትሰጡ መምህርቷንና መብራቱን ጨምሩ፤ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ አቧራ አይልበስ» ይበሉልን። «ጦርነቱ ይብቃ፣ ትምህርት ቤቶች ይከፈቱ» ይበሉልን። ይህን መናገር ከካናቴራው በዓል ይልቅ ወንበር እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። መሪነት የሚባለው ግን እዚያ ላይ ነው የሚታየው።

ልጅቱማ ከነቃች ቆየች። እባካችሁ የተኛውን ቀስቅሱልን።