ክፉ ቀንና የታገደ መጽሐፍ



ሰሞኑን በመማሪያ ክፍልና በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ አንድ ክርክር ይሰማል። ነገ ተመርቀን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ፣ የኅብረተሰቡን በደል አፍረጥርጠው የሚያሳዩ ልብ ወለዶችን ለተማሪ እናስነብብ ወይስ አናስነብብ? ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ፣ «ሕዝቡን ጦርነትና ድርቅ ተፈራርቀውበታል፤ ቁስል የሚነካ መጽሐፍ ለጊዜው ይቀመጥ» ይላሉ። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን አልስማማበትም።

«ጊዜው አይደለም» የሚለው ቃል በአገራችን አዲስ አይደለም። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ። በመጽሐፉ ገና በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ፣ ድህነትና ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። መጽሐፉ ታገደ። ደራሲውም በብዕሩ ምክንያት ኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ።

ሥርዓቱ ተለወጠ፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ላይ በዓይኑ አይቷል። ያየውን መሠረት አድርጎ የጻፈው «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

ታዲያ መጽሐፉ ጠፋ ወይ? አልጠፋም! ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ሲዞር ኖረ፤ ዛሬ በየመጽሐፍ መደብሩ ይሸጣል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

«መጽሐፍ ሕዝብን ያነሳሳል፣ አገር ይበትናል» የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። እስቲ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እናስብ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት በዚህ መጽሐፍ፣ ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት የፊታውራሪ መሸሻን ያልተገባ ግብር አንከፍልም ብለው ይነሳሉ። መጽሐፉ በንጉሡ ዘመን ታተመ፣ ተነበበ። ዙፋኑ ግን በመጽሐፍ አልወደቀም። ክፉኛ ከነቀነቁት ነገሮች አንዱ የተደበቀው የወሎ ረሃብ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በፊልም ለዓለም አሳየው። ደርግም ንጉሡን ሊያወርድ ዋዜማው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያንኑ ፊልም ለሕዝብ በቴሌቪዥን አሳየ። መንግሥትን የሚጥለው የተነገረው በደል ሳይሆን የተደበቀው በደል ነው ማለት ነው።

ለእኛ ለዋግ ልጆች ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። የሌላውን ረሃብ መደበቅ የኮነነው ደርግ ራሱ ምን አደረገ? በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ስታከብር፣ የዋግና የላስታ ገበሬ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ይጓዝ ነበር። በጥቅምት ወር የቢቢሲ ጋዜጠኞች የኮረምን እልቂት ባያሳዩ ኖሮ የስንቱ ሞት ሳይሰማ በቀረ ነበር! በዝቋላ ዛሬም «ሰባ ሰባት» ሲባል ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ኦሮማይ» ከታገደ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። መጽሐፍ የሚቆልፍ እጅና የረሃብን ወሬ የሚቆልፍ እጅ አንድ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ የሚያስፈልገው በደህናው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በክፉው ቀን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እንደሚታወቀው ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቀርቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከልክሎታል። ዛሬ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሚጠብቅ የሳንሱር ሹም የለም። ነገር ግን አንድ መምህር ፈርቶ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ጀርባ ቢሸሽገው፣ ሳንሱር ማለት እሱ ራሱ ሆነ እኮ! ደመወዝ የማይከፈለው ሳንሱር!

ይህን ስል ያገኘነውን ሁሉ ለሕፃን እናሸክም ማለቴ አይደለም። ለዕድሜው የሚመጥነውን መምረጥ የመምህር ሥራ ነው። በደልን የሚያሳይ መጽሐፍና በሰው ላይ ጥላቻ የሚሰብክ ጽሑፍም አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ተማሪው የሚያውቀው ግን አንብቦ ሲከራከር እንጂ ሲከለከል አይደለም። ከንባቡ በኋላ ሦስት ጥያቄ እናቅርብለት፦ በደሉ የደረሰው በማን ላይ ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው? ዛሬስ ቀርቷል ወይ?

ነገ ጽጽቃ ወይም ተከዜ ዳር ባለ ትምህርት ቤት የምንመደብ ሰዎች፣ የሚጠብቀን ተማሪ ረሃብን ከመጽሐፍ በፊት በገዛ ሆዱ ያወቀ ነው። ከእሱ የምንደብቀው ምን አለ? የደረሰበትን የሚገልጽበት ቃል ብንሰጠው ይሻላል። ተቃራኒ ሐሳብ ያላችሁ እዚሁ ግድግዳ ላይ መልሳችሁን ለጥፉ፤ እናነባለን።